የትንሿ ትራክተር የፊት አክስል ዕድሜ

የሥራ ትምህርት



በወለጋ የግንቦት መጨረሻና የሰኔ ቀን በገንዘብ አይተመንም። ዝናቡ ከያዘ በቆሎው በወቅቱ መሬት መግባት አለበት። ዳጉሳውና ጤፉም ተራቸውን ይጠብቃሉ። እንግዲህ በዚህ ሰዓት ማኅበሩ በጋራ የገዛው ወይም በኪራይ ያመጣው ትራክተር የፊት እግሩ ተሰብሮ ማሳ መሀል ቢተኛስ? ሞተሩ ደህና ነው፣ ናፍጣው ሙሉ ነው፣ ማረሻውም ስል ነው። ግን አይሄድም። መለዋወጫው ከነቀምቴ ካልተገኘ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል። ትራክተሩ ሲቆም ዝናቡ አይቆምም።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ፊት አክስል የምንማረው። ትምህርቱ የሚመለከተው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላትን ባለ አራት ጎማ ትንሽ ትራክተር ነው። በእጅ እየተያዘ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የፊት አክስል የለውም።

ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙ። የፊት አክስል እንዲሁ በእርጅና ብቻ አይሞትም። ሦስት ጠላቶች አሉት፤ እነርሱም ከመጠን ያለፈ ሸክም፣ የግሪስ ድርቀት፣ ጭቃና ውሃ ናቸው። ሦስቱንም መከላከል የሚችለው ከተማ ያለው መካኒክ ሳይሆን ትራክተሩ አጠገብ የሚውለው ሰው ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአንገርና በዲዴሳ ሸለቆዎች ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ነበሩ። በዚያው ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ የተባሉትን ትራክተሮች ይገጣጥም ነበር። ሰፊ እርሻ የራሱን መካኒክ ማቆም ይችላል። ትንሿ ትራክተር ግን በአንድ ገበሬ ወይም በአንድ ማኅበር እጅ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው መካኒክ እናንተው ናችሁ።

1. አክስሉ ምንድን ነው?

የፊት አክስል ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝና የትራክተሩን አፍንጫ የሚሸከም ወፍራም ብረት ነው። አሠራሩን በሬ ጠምዶ ላረሰ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ሞፈሩ ከቀንበሩ መሀል በምራን ይታሰር የለም? አንዱ በሬ ጎድጓዳ ቢረግጥ ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሞፈሩ ግን አብሮ አይገለበጥም፤ ማሠሪያው ላይ ይላወሳላ! የፊት አክስልም እንደዚያው ነው። መሀሉ ላይ በአንድ ወፍራም ፒን ከትራክተሩ ጋር ተያይዟል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ ያዘነብላል፤ ትራክተሩ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

አሁን ስሞቹን እንወቅ። ጋራዥ ስትሄዱ ይጠቅሟችኋል።

ሀ. የመሀል ፒን፦ አክስሉ እንደ ቀንበር የሚያዘነብልበት ነው።
ለ. የማዞሪያ ፒን፦ በአክስሉ ጫፍና ጫፍ ይገኛል። መሪውን ስትጠመዝዙ ጎማው የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው። ፒኑ የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት ቡሽ ይባላል።
ሐ. ሞዞ፦ ጎማው በቡሎን የሚታሰርበት የመሀል ብረት ነው። ውስጡ ኩሽኔታ አለ። ጎማው ያለ ችግር የሚሽከረከረው በኩሽኔታው ነው።
መ. ቴስቲና፦ ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ጎማውን የሚይዝበት መጋጠሚያ ነው።
ሠ. ፓራኦሊዮ፦ ዘይትና ግሪስ እንዳይወጣ፣ ጭቃና ውሃም እንዳይገባ የሚከለክል የጎማ ቀለበት ነው። ዋጋው ትንሽ ነው። እርሱ ሲቀደድ የሚበላሸው ዕቃ ግን ውድ ነው።

የፊት አክስል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ተራ አክስል ነው። ትራክተሩን ይሸከማል፣ ይመራል፤ ነገር ግን አይጎትትም። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ዓ.ም. የተሠራችው ቲ.ኢ.20 የተባለች የፈርጉሰን ትንሽ ትራክተር እንዲህ ያለ አክስል ነበራት። አክስሏ በቡሎን እየተፈታ የሚሰፋና የሚጠብ ስለሆነ ገበሬው እንደ ሰብሉ መስመር ያስተካክለው ነበር። ሁለተኛው ዓይነት በአራቱም ጎማ የሚጎትት ትራክተር አክስል ነው። በውስጡ ጥርሶችና ዘይት አሉት። ጭቃ ውስጥ ብርቱ ነው። ነገር ግን ዕቃው ብዙ ስለሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

2. የመጀመሪያው ጠላት ሸክም ነው

አንድ ኩንታል እህል በትከሻችሁ ስትሸከሙና በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥላችሁ ስትይዙ እኩል ይከብዳል? አይከብድም። ሸክም ከአካል በራቀ ቁጥር ይከብዳል። በትራክተርም እንዲሁ ነው። በሒሳብ እንየው።

ለምሳሌ ትራክተራችን 1,200 ኪሎ ትመዝናለች እንበል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው፣ ማለትም 400 ኪሎ፣ በፊት አክስል ላይ ያርፋል። የቀረው 800 ኪሎ በኋላ ነው። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 1 ሜትር ተኩል ነው። አሁን ከፊት በተገጠመ አካፋ 300 ኪሎ አፈር አነሳን። አካፋው ከፊት ጎማው መሀል 1 ሜትር ይርቃል።

የፊት አክስሉ የተጨመረበት ስንት ነው? 300 ኪሎ እንዳትሉ! አፈሩ ከኋላ ጎማው የሚርቀው 2 ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ 300 በ2.5 ሲባዛ 750 ይሆናል። ይህ ለ1.5 ሲካፈል 500 ይመጣል። የፊት አክስሉ 500 ኪሎ ተጨመረበት፤ ከኋላው ደግሞ 200 ኪሎ ተነሳለት። ቀድሞ 400 ኪሎ የተሸከመው አክስል አሁን 900 ኪሎ ተሸከመ። ሸክሙ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ይህም ትራክተሩ ቆሞ ሳለ ነው። እንዲህ ተጭኖ በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ በዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ጉልበት ከዚህም ይበልጣል። አክስል የሚጣመመው፣ ፒንም የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ስለዚህ፦

— የፊት ሸክም ስትይዙ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ።
— ትራክተሩ ቆሞ ሳለ መሪውን በግድ አትጠምዝዙ። ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ይዙር።
— ጉቶና ቋጥኝ በትራክተሩ አፍንጫ አትግፉ።
— ሰው ከፊት አታስቀምጡ። ለአክስሉም ሸክም ነው፣ ለሰውየውም ሞት ነው።
— ጭቃ የያዘውን ትራክተር ስታወጡ ሰንሰለቱን በአክስሉ ወይም በመሪው ዘንግ ላይ አትጠምጥሙ። ፋብሪካው ያዘጋጀው መጎተቻ ላይ እሰሩ።

የኋላ ሸክምስ? እርሱም የራሱ መዘዝ አለው። ከኋላ ከባድ ማረሻ ሲነሳ የትራክተሩ አፍንጫ ይቀላል። አፍንጫው እየተነሳ ሲወድቅ አክስሉን ይደበድበዋል፤ መሪውም አልታዘዝም ይላል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከትራክተሩ ክብደት ቢያንስ አንድ አምስተኛው ምንጊዜም በፊት ጎማዎች ላይ ማረፍ አለበት። የ1,200 ኪሎ አንድ አምስተኛ 240 ኪሎ ነው። ከኋላ ጎማው መሀል 1.2 ሜትር ርቆ 200 ኪሎ ማረሻ ቢነሳ፣ 200 በ1.2 ተባዝቶ ለ1.5 ሲካፈል 160 ኪሎ ከፊት ይቀነሳል። 400 ሲቀነስ 160፣ 240 ይቀራል። ልኩ ላይ ደረስን ማለት ነው። ከዚህ የከበደ ማረሻ የሚነሳው ከፊት ማመጣጠኛ ብረት ተሰቅሎ ነው። ያ ብረት ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ይውረድ። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ የሚከርም ብረት አክስሉን በከንቱ ያደክማል።

ሕይወትን የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ አለ። ጉቶም ሆነ ግንድ ስትጎትቱ ሰንሰለቱን ከኋላ ዝቅ ብሎ ከተሠራው መጎተቻ በቀር ሌላ ቦታ አትሰሩ። ከፍ ብሎ ከታሰረ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂውን ይጫነዋል።

3. ሁለተኛው ጠላት ድርቀት ነው

ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ሲፋጭ ይበላላል። ግሪስ በመሀላቸው ገብቶ ያለሰልሳል፤ አፈርም እንዳይገባ በር ይዘጋል። ግሪስ የሚገባባቸው ትናንሽ ጡቶች በመሀል ፒኑ፣ በሁለቱ የማዞሪያ ፒኖች፣ በአንዳንድ ትራክተርም በቴስቲናው ላይ አሉ። በእናንተ ትራክተር ላይ ስንት እንዳሉ ቁጠሩ። ቁጥሩንም ግንባሩ ላይ በቀለም ጻፉት።

ግሪስ በየስንት ጊዜ ይሰጥ? የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይነግራችኋል። በብዙዎቹ ዘንድ በየ10 ወይም በየ50 የሥራ ሰዓት ነው። ጭቃና ውሃ ውስጥ የሚውል ትራክተር ግን በየቀኑ ይሰጠው።

አሰጣጡም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ጡቷን በጨርቅ ጥረጉ፤ አለበለዚያ አፈሩን ከግሪሱ ጋር ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ቀጥሎ አሮጌው ጥቁር ግሪስ በጠርዙ ወጥቶ አዲሱ ብቅ እስኪል ፓምፑን ምቱ። በመጨረሻም የወጣውን ጥረጉ፤ ካልተጠረገ አቧራ ይሰበስባል። ግሪስ አልገባ ካለ ጡቷ ተዘግታለች፤ ፍቱና እጠቡ ወይም ለውጡ። «ዛሬስ ይለፍ» ብሎ መተው ግን ለፒኑ መቃብር መቆፈር ነው።

4. ሦስተኛው ጠላት ጭቃና ውሃ ነው

የወለጋ ቀይ አፈር በክረምት እንዴት እንደሚጣበቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በጎማውና በሞዞው መሀል ገብቶ ሲደርቅ ፓራኦሊዮውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በሞዞው ላይ የተጠመጠመ ሣርና የገመድ ቁራጭም እንዲሁ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማታ ከማሳ ስትመለሱ ጭቃውን በእንጨት ፋቁ፣ ሣሩንም ፍቱ። በውሃ ስታጥቡ ውሃውን በጉልበት በቀጥታ ፓራኦሊዮው ላይ አትልቀቁ።

ወንዝ ወይም ረግረግ አቋርጣችሁ ውሃው ሞዞውን ከሸፈነ፣ የዚያን ቀን ማታ ግሪስ ስጡ። በአራት ጎማ የሚጎትተው አክስል ከሆነ ዘይቱን ተመልከቱ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ዘይት አንድ ቀን እንኳ አትሥሩ። አፍስሱት፣ ውሃው የገባበትን በር አግኙ፣ ፓራኦሊዮውን ለውጡ፣ ከዚያ መጽሐፉ ያዘዘውን ዘይት ሙሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለም?

5. በአራት ጎማ ለሚጎትት ትራክተር

ከነቀምቴ ባኬ ጃማ ተነስቶ ወደ አንገር ቆላ የሚወርድ ትራክተር መንገድ ላይ ጠንካራ መሬት ያገኛል፤ ማሳው ውስጥ ደግሞ ጭቃ ያገኛል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት አነዳድ አይሆንም።

የፊት ጎማውን መጎተቻ ማርሽ ማሳ ውስጥ አስገቡ፣ ጠንካራ መንገድ ላይ ግን አውጡት። ለምን ቢሉ፣ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ጥቂት ፈጥነው እንዲዞሩ ተደርገው ተሠርተዋል። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይጠፋል። ጠንካራ መንገድ ላይ ግን መንሸራተት ስለሌለ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፤ ጎማውም ቶሎ ያልቃል። ነገር ግን ተሳቢ ጭኖ ቁልቁለት ለመውረድ ማርሹ ይግባ የሚል መመሪያ ያላቸው ትራክተሮች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ፍሬኑ ለፊት ጎማ የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነውና። የራሳችሁን ትራክተር መጽሐፍ አንብቡ፣ ያዘዘውንም ፈጽሙ።

ጎማ ስትለውጡም ልኩን ከጎማው ጎን ላይ አንብቡ። አንዱ አዲስ፣ ሌላው ያለቀ፣ ወይም ልኩ የተለያየ ጎማ አታድርጉ። «ይገጥማል» ማለት «ይስማማል» ማለት አይደለም።

6. ምርመራ፦ አክስሉ ሳይሰበር ይናገራል

በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሆናችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ።

ሁለተኛ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ። ወዲያው ከአክስሉ ሥር ጠንካራ ግንድ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ ትራክተር ሥር ማንም እንዳይገባ!

ሦስተኛ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ከተንቀጫቀጨ ጓደኛችሁ ከየት እንደሆነ ይይ። ሞዞው ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። የማዞሪያ ፒኑም አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቡሹ አልቋል።

አራተኛ፣ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ወዝውዙ። እዚህ ላይ ከላላ ቴስቲናውን ተመልከቱ። ቴስቲና ከወለቀ ጎማው መሪውን ትቶ ወደፈለገበት ይሄዳል። ስለዚህ የላላ ቴስቲና ይዞ መንገድ መውጣት አይገባም።

አምስተኛ፣ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩና አድምጡ። ለስላሳ ድምፅ ጤና ነው። እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። በተራ አክስል ላይ ከላላ ብቻ ይጠበቃል። ጎማው እየተሽከረከረ ትንሽ እስኪከብድ ዳዶውን አጥብቁ፣ ከዚያ ኮፒሊያው የሚገባበት ቀዳዳ እስኪገጥም ጥቂት መልሱት። አዲስ ኮፒሊያ አግቡ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፤ የላላም ይሰባበራል።

ስድስተኛ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች መሬት ይዘው ቀጥ ሲሉ፣ በሞዞው ከፍታ ላይ በመሀላቸው ያለውን ርቀት ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል በሜትር ለኩ። የፊቱ ከኋላው በጥቂት ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ስንት እንደሆነ መጽሐፉ ይነግራችኋል። ልዩነቱ ከበዛ ወይም ከተገለበጠ ጎማው በአንድ ጎኑ እየተፋቀ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

በየቀኑ ደግሞ ሥራ ሲያልቅ የሁለቱን ሞዞ ሙቀት በእጃችሁ ጀርባ አመዛዝኑ። አንዱ ከሌላው እጅግ የጋለ ከሆነ ነገር አለ።

7. ስለ ብየዳ

ብረት ሲሰነጠቅ ወደ በያጅ መሮጥ ልማድ ነው። ነገር ግን የማዞሪያ ፒንና ጎማውን የሚሸከመው ዘንግ አይበየዱም፤ ይለወጣሉ። በእሳት ተጠንክረው የተሠሩ ስለሆኑ ከተበየዱ በኋላ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ይሰበራሉ። ተሳቢ ተጭኖ ቁልቁለት ላይ ቢሰበሩ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም። በሌላ ቦታ ላይ ብየዳ ካስፈለገም የማሽኑን የመሬት ሽቦ ከሚበየደው አጠገብ እሰሩ። ከሩቅ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ያበላሸዋል።

8. ደብተር ያዙ

የአንድ ሰው በሬ ጌታው ሣር ያጭድለታል። የሁሉም የሆነው ትራክተር ግን «እገሌ ግሪስ ሰጥቶታል» እየተባለ ደርቆ ይውላል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ኃላፊ መምረጥና አንድ ደብተር መያዝ ነው። አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል፤ ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው? በትራክተሩ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ እንዲህ ጻፉ፦

ሰኔ 3 — 412 ሰዓት — ግሪስ ለሁሉም ጡቶች ተሰጠ።
ሰኔ 5 — 428 ሰዓት — ወንዝ ተሻገረ፤ ማታ ግሪስ ተሰጠ።
ሰኔ 8 — 445 ሰዓት — የግራ ጎማ ትንሽ ይወዛወዛል። ኩሽኔታው ይጠበቅ።

ይህን የሚያነብ ነጂ ትራክተሩን ሲረከብ የግራውን ጎማ አስቀድሞ ያያል። መካኒኩም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ማኅበሩም መለዋወጫ ገንዘቡን ክረምት ሳይገባ ያዘጋጃል።

ለመወያያ ጥያቄዎች

1. የፊት አክስል ሦስቱ ጠላቶች እነማን ናቸው? በእናንተ አካባቢ የሚበረታው የትኛው ነው?
2. የመሀል ፒን ከቀንበርና ከምራን ጋር በምን ይመሳሰላል?
3. የአክስሉ ዘይት ነጥቶ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ?
4. የማኅበራችሁ ትራክተር ስንት የግሪስ ጡት አለው? ሄዳችሁ ቁጠሩ።
5. ሒሳብ፦ አንድ ትራክተር 1,500 ኪሎ ይመዝናል። ሲሶው በፊት አክስል ላይ ነው። በፊትና በኋላ ጎማ መሀል 1.5 ሜትር አለ። ከኋላ ጎማው መሀል 1.2 ሜትር ርቆ 200 ኪሎ ማረሻ ተነሳ። በፊት ጎማዎች ላይ ስንት ኪሎ ቀረ? ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

የ5ኛው መልስ፦ 500 ሲቀነስ 160፣ 340 ኪሎ ይቀራል። የ1,500 አንድ አምስተኛ 300 ነው። ስለዚህ ይበልጣል፤ መሪው ይታዘዛል።